ጋጣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ውርንጭላንና አቅሙ የደከመ ሰውን ስለሚያጠቃው የሳንባ በሽታ

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በሕግ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። ወዳጄ ሕንድ አገር ሄዶ ኩላሊቱ ከተቀየረለት ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ‹‹ስማ አንተ፣ ጋዜጣ ላይ የማትጽፈው ነገር የለም፤ እስቲ ይቺን መልስልኝ›› አለኝ። ‹‹ለፋሲካ አባባ ዘንድ ልሄድ ነው። ባዝራዋ ወልዳለች አሉ። ጋጣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?››

እኔም ቀልድ መስሎኝ ‹‹የተቀየረልህ ኩላሊት እንጂ እግር አይደለም፤ ምን ይዞህ ነው የማትገባው?›› አልኩት። አልሳቀም። በክትትል ቀጠሮው ዕለት ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ታካሚ፣ የፈረስ ጋጣ አቧራ የእነርሱን ዓይነት ሰው ሳንባ እንደሚያመግል ነግሮታል። ሐኪሙን ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወረፋው ብዙ፣ ጊዜው አጭር ሆነና ሳይጠይቅ ወጣ። ‹‹በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ሽንቴ፣ ስለ ጨው አበላሌ ያልጠየቀኝ የለም። ከእንስሳ ጋር ትውላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም›› አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ንግግሩ ናት። ውድ አንባቢያን፣ እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የመድኃኒት ማዘዣ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ለወዳጄ መልስ ፍለጋ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ከአንድ ጋጣና ከአንድ ኩላሊት የሚሰፋ ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ተህዋሱ ማነው?

የበሽታው መንስኤ ሮዶኮከስ ኢኩዋይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ‹‹ሮዶ›› በግሪክኛ የጽጌረዳን ቀለም የሚያመለክት ሲሆን ‹‹ኮከስ›› ክብ ቅንጣት ማለት ነው፤ ‹‹ኢኩዋይ›› ደግሞ በላቲን ‹‹የፈረስ›› ማለት ነው። እንዲህ የተባለው በላቦራቶሪ ሲያድግ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ስለሚያሳይና መጀመሪያ የተገኘው ከፈረስ ስለሆነ ነው።

ያገኘው ማግኑሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1923። ማግኑሰን የሳንባ ምች ይዟቸው ከነበሩ ውርንጭሎች ተህዋሱን ለይቶ አውጥቶ ኮሪኔባክቴሪየም ኢኩዋይ ብሎ ሰየመው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ሮዶኮከስ ወገን ተዛወረ። ነገሩ በዚህም አላበቃም። የተህዋሱ ዘር ሐረግ በጂን ሲመረመር ለብቻው ወገን ሊቆምለት ይገባል ያሉ ሳይንቲስቶች፣ በዚህ በሽታ ጥናት ለታወቀው ካናዳዊ ተመራማሪ ለጆን ፕረስኮት መታሰቢያ ፕረስኮቴላ ኢኩዋይ ሊሉት ፈለጉ። በስም ጉዳይ መካሰስ የእኛ የሕግ ሰዎች ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ባክቴሪያም ስሙ ያከራክራል! አንባቢ ግን በሐኪም ወረቀት ላይ ሁለቱንም ስም ሊያገኝ ስለሚችል፣ የሚናገሩት ስለ አንድ ተህዋስ መሆኑን ይወቅልኝ።

ከአፈር ወደ ሳንባ

ስሙ የፈረስ ይሁን እንጂ እውነተኛ መኖሪያው መሬት ነው። ሣር በል እንስሳት በሚውሉበት አፈር፣ በተለይም ፋንድያና እበት በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። ፋንድያው ምግቡ ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ በፍጥነት ይራባል።

አዋቂ ፈረስ ተህዋሱን ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ በፋንድያው መልሶ ያወጣዋል፤ እንደ ልማድ አይታመምም። የውርንጭላ አንጀት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ለተህዋሱ መራቢያ ይሆናል። የታመመ ውርንጭላ አክታውን አይተፋም፤ ይውጠዋል። የዋጠው ተህዋስ በፋንድያው ይወጣና መሬቱን ይበክላል። ዝናብ ሲዘገይ፣ ሣር ሲመናመን፣ ብዙ ባዝራና ብዙ ውርንጭላ በአንድ ጠባብ ግቢ ሲታጎሩ ያ መሬት አቧራ ሆኖ ይነሳል። ቀጥሎ የተወለደው ውርንጭላ ያንን አቧራ ይተነፍሳል። የበሽታው ዑደት ይኸው ነው። ለዚህም ነው በሽታው ጥቂት ፈረስ በሰፊ መስክ ላይ ለቆ ከሚያሰማራ ገበሬ ይልቅ ብዙ ፈረስ በአንድ ቦታ የሚያረባውን ባለሀብት የሚያስጨንቀው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ ቢሆን እንኳ። የዚህን ተህዋስ ባለቤት ፈልጎ መክሰስ ግን ከባድ ነው። ባለቤቱ አፈሩ ነውና።

ዘበኛውን መኖሪያ ያደረገ ሌባ

ወደ ሳንባ የገባ ባዕድ ነገር መጀመሪያ የሚያጋጥመው ማክሮፋጅ የሚባለውን የሰውነት ዘበኛ ነው። ይህ ሴል ባክቴሪያውን ይውጠዋል፤ ውስጡ ባለች ከረጢት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም ያቺን ከረጢት አሲድና ፈጪ ንጥረ ነገር ከያዘች ሌላ ከረጢት ጋር አዋህዶ ተህዋሱን ይፈጨዋል። በጤናማ ሰውና በአዋቂ ፈረስ ዘንድ ነገሩ በአብዛኛው በዚሁ ያበቃል።

ሮዶኮከስ ኢኩዋይ የሚያደርገው የሁለቱን ከረጢቶች ውህደት ማሰናከል ነው። ተውጦ ይገባል፤ ሳይፈጭ ይቀራል፤ እዚያው ውስጥ ይራባል፤ በመጨረሻም ዘበኛውን ገድሎ ይወጣል። ይህን የሚያስችለው ከዋናው የዘር ቁሱ ውጪ የሚሸከመው ፕላዝሚድ የተባለ ትንሽ ተጨማሪ የዘር ቁስ ነው። በፈረስ ላይ በሽታ የሚያመጡት ዝርያዎች በዚህ ፕላዝሚድ ላይ ‹‹ቫፕ ኤ›› የሚባል ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን አላቸው። ፕላዝሚዱን ያጣ ተህዋስ ውርንጭላን የማሳመም ኃይሉን ያጣል።

በአሳማ የሚገኙት ዝርያዎች ‹‹ቫፕ ቢ››፣ በቀንድ ከብትና በመሰሎቹ የሚገኙት ደግሞ ‹‹ቫፕ ኤን›› የሚባል ሌላ ዓይነት ይሸከማሉ። ከታመሙ ሰዎች የሚገኘው ተህዋስ ግን ከሦስቱ ማንኛውንም ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንዴም አንዱንም አይዝም። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ‹‹እኔ ፈረስ የለኝም›› ማለት በቂ መከላከያ አይደለም። በታይላንድ በኤች አይ ቪ ሕሙማን ላይ የተገኙት ዝርያዎች በአብዛኛው የአሳማውን ዓይነት የያዙ ነበሩ። በሌሎች አገሮችም ከታመሙት ሰዎች ብዙዎቹ ከፈረስ ጋር ምንም ንክኪ እንዳልነበራቸው ተመዝግቧል።

በውርንጭላ ላይ

ውርንጭላው ተህዋሱን የሚተነፍሰው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው ተብሎ ይታመናል። በሽታው የሚታየው ግን ቆይቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ ነው። የዕድሜው ነገር በአጋጣሚ አይደለም። ከእናቱ እንገር ያገኘው የመከላከያ አቅም እየቀነሰ፣ የራሱ ደግሞ ገና ሳይጠነክር የሚያልፍበት ጊዜ ነው።

ክፉው ነገር በሽታው ዝምተኛ መሆኑ ነው። ሳንባው ውስጥ መግል የቋጠሩ እብጠቶች እየበዙ ሳለ ውርንጭላው ይጠባል፤ ይፈነጫል። ባለቤቱ አንድ ቀን ጠዋት ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መወጠርና ፈጣን አተነፋፈስ ሲያይ ብዙው የሳንባ ክፍል ተበልቷል። አንዳንዱ ውርንጭላ በአንጀቱ፣ በመገጣጠሚያው፣ በአጥንቱ ወይም በዓይኑ ጭምር ይታመማል።

የእንስሳት ሐኪም ምርመራውን የሚያረጋግጠው ከትንፋሽ ቧንቧ ፈሳሽ ወስዶ ተህዋሱን በማሳደግና የ‹‹ቫፕ ኤ››ን ጂን በመፈለግ ነው። የሳንባውን ሁኔታ በአልትራሳውንድ ያያል። ሕክምናው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ሆኗል፤ ከኤሪትሮማይሲን ቤተሰብ አንዱ ከሪፋምፒሲን ጋር። ዛሬ በኤሪትሮማይሲን ምትክ ብዙ ጊዜ አዚትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ይሰጣል። ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል። ፈቃድ አግኝቶ በሰፊው የሚሰጥ ክትባት የለም። አንዳንድ አርቢዎች ለተህዋሱ የመከላከያ ንጥረ ነገር ካዳበሩ ፈረሶች የተወሰደ ፕላዝማ ለአዲስ ተወላጆች ይሰጣሉ፤ ጉዳቱን ሊቀንስ ቢችልም ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ወደ ሰው የተሻገረበት ቀን

በሰው ላይ የመጀመሪያው ሕመም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ነው። ታማሚው የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ጉበቱን የራሱ የመከላከል ሥርዓት እያጠቃው ስለነበር ያንን ሥርዓት የሚያዳክም መድኃኒት ይወስድ ነበር። በሥራው ደግሞ ከከብቶች ማጎሪያ ጋር ንክኪ ነበረው። አስተውሉ፤ ዛሬ ወዳጄን የሚያሳስቡት ሁለቱ ነገሮች፣ የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒትና የእንስሳት አቧራ፣ በዚያ በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተመዘገቡት ሕሙማን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ ያለው የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ሲመጣ ነው። በሕክምና ጽሑፎች ከተመዘገቡት ሕሙማን ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሲሆኑ፣ ከሁሉም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኤች አይ ቪ በደማቸው የነበረ ናቸው። የተቀሩት የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ።

በሽታው በሰው ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ድካም፣ ክብደት መቀነስ። በራጅ ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ በላይኛው የሳንባ ክፍል ጓዳ የመሰለ ባዶ ቦታ ይገኛል። ተህዋሱ በደም ውስጥ ሊሰራጭም ይችላል፤ ወደ አንጎል የሚደርስበት ጊዜም አለ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሰፊው ከመዳረሱ በፊት በተሰበሰቡ መረጃዎች፣ በሽታው ከያዛቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በሌላ ምክንያት አቅማቸው ከተዳከመው መካከል የሞቱት ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆኑ፣ ጤናማ የመከላከል አቅም ከነበራቸው መካከል ደግሞ 11 በመቶ ገደማ ናቸው።

ሊስተባበል የሚችል ግምት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች እንደገና አንብቧቸው፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ በላይኛው ሳንባ ላይ ጓዳ። በአገራችን ይህን የሚሰማ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ጎረቤት፣ ‹‹ቲቢ ነው›› ይላል። ቲቢ በበዛበት አገር እንዲህ መገመት ስህተት አይደለም። እኛ በሕግ ቋንቋ ይህን ሊስተባበል የሚችል ግምት እንለዋለን። ዳኛ ከግምቱ ይነሳል፤ ተቃራኒ ማስረጃ ሲቀርብለት ግን ጆሮውን መስጠት አለበት። ችግር የሚፈጠረው ግምቱ ሊስተባበል የማይችል ሲሆን ነው።

ሮዶኮከስ ኢኩዋይ ደግሞ ማስረጃ ማጣመም ያውቅበታል፤ ቢያንስ በሦስት መንገድ።

አንደኛ፤ የቲቢን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለማየት አክታው በልዩ ቀለም ይነከርና በአሲድ ይታጠባል። የቲቢ ባክቴሪያ ቀለሙን አይለቅም። ሮዶኮከስ ኢኩዋይም አንዳንድ ጊዜ፣ በከፊልም ቢሆን ቀለሙን ይይዛል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ‹‹ፖዘቲቭ›› ሊባል ይችላል። የቲቢን የዘር ቁስ የሚፈልገውና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የደገፈው ጂን ኤክስፐርት ግን ይህን ተህዋስ አያየውም። አክታው በማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ፣ በጂን ኤክስፐርት ኔጌቲቭ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ተጋጭተዋል ማለት ነው። ምስክር ሲጋጭ ደግሞ ሦስተኛ መጥራት ይገባል፤ ሦስተኛው ምስክር ካልቸር ነው።

ሁለተኛ፤ ካልቸር ተደርጎም ሊታለፍ ይችላል። ተህዋሱ በተራ ማሳደጊያ ላይ በሁለት ቀን ገደማ ይወጣል። በመልኩ ግን ቆዳና ጉሮሮ ላይ በሰላም ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር ይመሳሰላል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ‹‹ከጉሮሮ የተቀላቀለ ነው›› ብሎ ሊጥለው ይችላል። ባለሙያው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። የመጣለት ብልቃጥ ላይ የታካሚው ቁጥርና ‹‹አክታ›› የሚል ቃል ብቻ ከተጻፈበት፣ ታካሚው ኩላሊት የተቀየረለትና ፈረስ ያለው ሰው መሆኑን በምን ያውቃል?

ሦስተኛውና እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሮዶኮከስ ኢኩዋይንም ብዙ ጊዜ ይመታዋል። ስለዚህ በስህተት የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ትንሽ ሊሻለው ይችላል። መሻሉም ግምቱን ያጠናክራል፤ ‹‹አላልኩም? ቲቢ ነው›› ይባላል። ሌሎቹ የቲቢ መድኃኒቶች ግን ሪፋምፒሲንን በዚህ ተህዋስ ላይ እምብዛም አያግዙትም። በአንድ መድኃኒት ብቻ የሚመታ ተህዋስ ያንን መድኃኒት ይላመዳል። ሕመሙ ሲመለስ ‹‹መድኃኒት የተላመደ ቲቢ›› ተብሎ ሌላ ስህተት በፊተኛው ስህተት ላይ ሊቆም ይችላል።

በትክክል ሲታወቅ ግን በሽታው የሚታከም ነው። አቅሙ የተዳከመ ሰው ቢያንስ ሁለት መድኃኒት በአንድነት ይሰጠዋል። በጠና የታመመው በመርፌ ይጀምራል፤ ከዚያ በሚዋጥ ይቀጥላል፤ ጠቅላላ ጊዜው ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ይደርሳል፤ ሊያልፍም ይችላል። ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው የሰውየውን የራሱን የመከላከል አቅም መመለስ ነው። ለኤች አይ ቪ ታካሚ ይህ ማለት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰድ ሲሆን፣ ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ደግሞ ሐኪሙ የሚያዳክመውን መድኃኒት መጠን በጥንቃቄ መመዘኑ ነው።

የኬንታኪ ትምህርት

በሽታውን አለማወቅ እንደሚጎዳ አየን። በተቃራኒው ደግሞ ‹‹ሁሉንም አስቀድሜ ላክም›› ማለትም ይጎዳል። ለዚህ ማስረጃው የአሜሪካዋ ኬንታኪ ናት።

ኬንታኪ የእሽቅድምድም ፈረስ እርባታ ማዕከል ናት፤ አንድ ውርንጭላ ብዙ ዶላር ያወጣል። አርቢዎቹ ሞትን ለመቀነስ ጤናማ የሚመስሉ ውርንጭሎችን ሳይቀር በአልትራሳውንድ ማየት ጀመሩ። ሳንባው ላይ ትንሽ እብጠት የታየበት ሁሉ፣ ሳልም ትኩሳትም ባይኖረው፣ ሁለቱን መድኃኒቶች እንዲወስድ ተደረገ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ውጤቱ ግን ሁለቱንም መድኃኒቶች የተላመደ ዝርያ መነሳት ሆነ። ለኤሪትሮማይሲን ቤተሰብ መላመድ ምክንያት የሆነው አዲስ ጂን እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ተገለጸ። ይህ ጂን ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊሻገር በሚችል ፕላዝሚድ ላይ የተጫነ ነው። የተላመደው ዝርያ በኬንታኪ አላበቃም፤ ባሕር ተሻግሮ አየርላንድ ውስጥም ተገኝቷል።

የሚያሳዝነው በጀርመን አንድ ትልቅ የፈረስ እርባታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ትንንሽ እብጠት ካላቸው ውርንጭሎች ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ራሳቸው እንደሚድኑ ማሳየታቸው ነው። ማለትም ከተሰጠው መድኃኒት ብዙው ሳያስፈልግ የተሰጠ ነበር። ‹‹ለጥንቃቄ›› ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት፣ በእውነት ለሚያስፈልገው ውርንጭላ የሚሆነውን መድኃኒት አሳጣው።

ወደ እኛ ስንመጣ

አንባቢ ‹‹ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?›› ሊለኝ ይችላል። ከሕመሞች ሁሉ ይህ ብርቅ ነው፤ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። ሳል የያዘው ሁሉ ሮዶኮከስ ኢኩዋይ አለብኝ እንዲልም አልጽፍም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አገናዝቡ።

አንደኛ፤ አገራችን በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ብዛት በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። በብዙ ከተሞቻችን ጋሪ አሁንም መጓጓዣ ነው፤ ባለጋሪውና ፈረሱ አንድ ግቢ የሚያድሩበት ቤትም ጥቂት አይደለም። ከፈረስ የራቀው ደግሞ ከላምና ከበግ አይርቅም።

ሁለተኛ፤ የመከላከል አቅማቸው በበሽታ ወይም በመድኃኒት የቀነሰ ሰዎች በመካከላችን በሕይወት እየኖሩ ነው፤ ይህም ደስ የሚል ዜና ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላም በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአገር ውስጥ ተጀምሯል። ቀደም ሲል ይሞቱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሥራ ይገባሉ፤ ለበዓል አገር ቤት ይሄዳሉ፤ ጋጣም ይገባሉ። ሰው በሕይወት ሲቆይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ይጨምራል።

ሦስተኛ፤ ሪፋምፒሲን የቲቢ ሕክምናችን ምሰሶ ነው። አዚትሮማይሲን ደግሞ ለተራ ጉንፋን ሳይቀር ሲዋጥ የምናየው መድኃኒት ነው። ጉንፋን የቫይረስ ሥራ ስለሆነ አይነካውም፤ ባክቴሪያዎች ግን በዚያ ሁሉ መሀል ይማራሉ። የኬንታኪ አርቢ በውርንጭሎቹ ያደረገውን እኛ በልጆቻችን ላይ አናድርግ።

ከዚህ ሁሉ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ውድ መሣሪያም ሆነ አዲስ አዋጅ አይፈልግም። አቅሙ የቀነሰ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲያስለው ከእንስሳ ጋር ይውል እንደሆነ ይጠየቅ፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ወረቀት ስለ ታካሚው አንድ መስመር ይጨመርበት። የቲቢ ምርመራ ውጤቶች ሲጋጩ ወይም ሕክምናው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም ካልቸር ይደረግ። ታካሚው ካልተጠየቀ ደግሞ ራሱ ይናገር፤ በገዛ ጉዳዩ ላይ ከሁሉ የተሻለው ምስክር እርሱ ነውና።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ

ለወዳጄ ደውዬ ያነበብኩትን ነገርኩት። ‹‹ፍርዱን የሚሰጠው ግን ሐኪምህ ነው›› አልኩት። ከእኔ የሚጠበቀው ክርክሩን ማዘጋጀት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ይዞ ገባ። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ጥቂት ደቂቃ ጨመረለት አሉ። ጋጣ እንዳይጠርግ፣ ፋንድያ እንዳይዝቅ፣ አቧራ ወዳለበት ዝግ ቦታ እንዳይገባ፣ የሚያስል እንስሳ ካለ እንዳይጠጋ ነገረው። እጁን በሳሙና እየታጠበ፣ ንፋስ በሚያገኝ ሣር ላይ ከሩቅ ቢያይ ግን አልከለከለውም። ከተመለሰ በኋላ ከሳምንት የሚበልጥ ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ‹‹ፈረስ ያለበት ቤት ነበርኩ›› ብሎ እንዲጀምር አደራ አለው።

ከፋሲካ ማግስት ደወለልኝ። አባቱ ለወትሮው ‹‹ና ግባና እያት›› የሚሉ ሰው ናቸው። በዚህ ዓመት ግን ልጃቸው ደጅ ቆሞ ስላዩት ባዝራዋን ከነውርንጭላዋ እየሳቡ ወደ መስኩ አወጡለት። ‹‹ቡላ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት›› አለኝ፤ ስለ ሳንባው አልጠየቅኩትም፣ እርሱም አላነሳም።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን አንድ ነገር ጨመረ። ‹‹ካርዴ ላይ ጽፈውታል እኮ›› አለኝ። ‹‹ከእንስሳት ጋር ንክኪ አለው ይላል።››